ባዶው ገንዳ እና የእትዬ ዘነቡ በርሜል

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሥራ ባዶ ውሃ መጠበቅ ነበር።

ያኔ ቂርቆስ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የማስተምረው በጠዋት ፈረቃ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነበረኝ። ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ቢሮዎች ጀርባ፣ በአንድ ፎቶ ቤትና በአንድ ልብስ ሰፊ መሐል የተሸጎጠች የዓሣና የአኳሪየም መሸጫ ሱቅ ነበረች። በሯ ላይ ሠራተኛ እንደሚፈለግ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎ አየሁና ገባሁ።

ባለቤቱ ጋሽ ይመር ይባላሉ። የወሎ ሰው ናቸው። ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው፤ እጅጌያቸው ሁልጊዜ እስከ ክርናቸው ተጠቅልሎ፣ እጃቸው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሥራዬን ሲጠይቁኝ አስተማሪ መሆኔን ነገርኳቸው። ጥግ ላይ ወዳለ አንድ ገንዳ ወሰዱኝ። ጠጠር ተነጥፎበታል፣ መብራቱ በርቷል፣ ማጣሪያው ይሠራል፣ ማሞቂያውም ተሰክቷል። ዓሣ ግን የለበትም።

«ይኼን ጠብቂልኝ» አሉኝ።

«ምኑን ልጠብቅ?»

«ውሃው እስኪበስል።»

ከጓሮ መስታወት በሲሊኮን የሚያጣብቀው ስንታየሁ ሳቁን ለቀቀው። «ቲቸር፣ ከሰል እንዳታቀጣጥይ ብቻ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቁም በደንበኞቹም ዘንድ ስሜ ቲቸር ሆኖ ቀረ።

የሱቁ ማዕረግ ቀላል ነበር። ጋሽ ይመር አለቃ፣ ስንታየሁ ገንዳ ሠሪና ገጣሚ፣ እኔ ደግሞ ውሃ መርማሪ። መሣሪያዎቼ ሁለት ባልዲ፣ ውሃ መሳቢያ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ቴርሞሜትር፣ አራት የመስታወት ቱቦዎች፣ የመመርመሪያ ጠብታዎች የያዘ አንድ ሳጥንና ባለ መቶ ገጽ ደብተር ነበሩ። ደብተሩን የገዛሁት ራሴ ነኝ። ያለ ደብተር መሥራት አልችልም።

ውሃ መብሰል ማለት ምን እንደሆነ ለጀማሪዎች ላስረዳ። ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል። ከቆሻሻው አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥለዋል። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ግን አሞኒያውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ቀጥሎ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ካልበዛ ብዙም አይጎዳም፤ ውሃ ሲቀየር አብሮ ይወጣል። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዓሣው ከመግባቱ በፊት ለውሃው አሞኒያ በጠብታ እየመገብን እናረባቸዋለን። የሚሰፍሩት በአብዛኛው ማጣሪያው ውስጥ ባለው ስፖንጅ ላይ ነው። አራት ወይም አምስት ሳምንት ይፈጃል። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነች ማሞቂያው ከጠፋ ከዚያም ይረዝማል።

እኔ ይህን ሁሉ የማስረዳውን ጋሽ ይመር በሁለት ቃል ይጨርሱታል። «እርሾ ነው» ይላሉ።

ምርመራውን ማንበብ ለመማር ሦስት ወር ፈጀብኝ። አሞኒያ ሲፈተሽ ውሃው ቢጫ ከሆነ ምንም የለም፤ አረንጓዴ እየሆነ ከሄደ አሞኒያ አለ። ናይትራይት ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ናይትሬት ከቢጫ ወደ ቀይ። ሲነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ ላይ በሱቁ ቱቦ መብራት ሥር ሳነብ ቢጫው ሁሉ አረንጓዴ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ይመር ቱቦውን ከእጄ ወስደው፣ ደጅ አውጥተው፣ በነጭ ወረቀት ላይ ይዘው በቀን ብርሃን አሳዩኝ። ቢጫ ነበር። የናይትሬቱን መመርመሪያ ሁለተኛ ጠርሙስ ደግሞ በደንብ ሳልነቀንቅ እጨምር ስለነበር ለሁለት ሳምንት ሐሰተኛ ቁጥር በደብተሬ ላይ በሚያምር ጽሕፈት ስመዘግብ ከርሜያለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ዜሮ ነው። ካዛንቺስ የሚገኝ አንድ ሆቴል መግቢያው ላይ ገንዳ አስገጠመ። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ከውጭ ባስመጣው የራሱ መመርመሪያ ፈትሾ ደወለልን። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ ስለሆነ ዓሣዎቹ ይምጡልኝ አለ። ጋሽ ይመር እምቢ ሲሉት ከሌላ ቦታ ገዝቶ አስገባ። በሳምንቱ እየጠሩን የሞቱ ወርቃማ ዓሣዎች በመረብ አወጣን። እንግዶች ቆመው ያዩን ነበር። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ የዓሣዎቹ ሞት የተወራው በእኛ ስም ነው።

ያን ዕለት ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ ዜሮ ሁለት ዓይነት ነው። ሥራው ስላልተጀመረ ዜሮ የሚሆን አለ፤ ሥራው ስላለቀ ዜሮ የሚሆን አለ። ሁለቱን የሚለየው ናይትሬት ነው። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው ናይትሬቱ ቀይ ከሆነ ሥራው አልቋል። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ገና አልተጀመረም። ለማረጋገጥ ደግሞ አሞኒያውን እስከ ሁለት ሚሊግራም በሊትር ድረስ ከፍ አድርጋችሁ በማግሥቱ ፈትሹ። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ከጠፋ ገንዳው ዓሣ ይችላል።

የክሊኒኩ ሥራ የመጣልን ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ቂርቆስ በሚወስደው በኩል አዲስ የሕፃናት ክሊኒክ ሊከፈት ነበር። ባለቤቷ ዶክተር ሰናይት ሱቃችን ድረስ መጣች። ለመጠበቂያ ክፍሉ ትልቅ ገንዳ እንደምትፈልግ፣ ዓሣ የሚያይ ልጅ መርፌ እንደማያይ ነገረችን። ከመውጣቷ በፊት ወደ ጋሽ ይመር ዞራ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች።

«ልጆቹ የሞተ ዓሣ እንዳያዩብኝ። አንድም እንኳ። እዚያ የሚቀመጡት የታመሙ ልጆች ናቸው።»

ጋሽ ይመር ቃል ገቡላት። ምረቃው ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ስንታየሁ ሁለት መቶ አርባ ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሠርቶ ገጠመ። ከሱቁ የቆየ ገንዳ ስፖንጅ ወስደን ብናስጀምረው በፈጠነ ነበር፤ ነገር ግን ያን ሰሞን የሱቁ ዓሣዎች ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ይዟቸው ስለነበር በሽታውን ይዘን እንዳንሄድ ፈራን። ስለዚህ ከባዶ ጀመርን።

ክሊኒኩ ገና እየተቀባና እየተወለወለ ነበር። እትዬ ዘነቡን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ከዚያ በፊት ጎተራ በኮንዶሚኒየሙ ግንባታ አሸዋና ድንጋይ ሲሸከሙ ኖረዋል። ክሊኒኩ የቀጠራቸው ለሁለት ወር ሙከራ ነበር፤ ከዚያ ወይ ቋሚ ይሆናሉ ወይ ይሰናበታሉ። ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ያለበት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ ተሰጥቷቸዋል። ወለል ሲያጥቡ እንዳይረጥብባቸው ወደ ደረታቸው ውስጥ ይከቱት ነበር። በቀን ሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር አይተው እንደማያውቁ አንድ ቀን ነገሩኝ።

ውሃ እዚያ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ከኋላ ኮሪደር ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አስቀመጥኩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ደግሞ የምናረባቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ክሎሪን የሚያጠፋው ጠብታ በዚያን ጊዜ እንደልብ ስለማይገኝ የሱቃችን ዘዴ ውሃውን በርሜል ሞልቶ፣ ክፍት ትቶ፣ ሁለት ቀን ማሳደር ነበር። እትዬ ዘነቡን ውሃ በመጣ ቁጥር በርሜሉን እንዲሞሉልኝ ለመንኳቸው። እሺ አሉ። አንድም ቀን ረስተው አያውቁም።

በእነዚያ አምስት ሳምንታት ስለ ውሃው ያላስረዳሁት ሰው አልነበረም። ለዶክተሯ አስረድቻለሁ። ለዘበኛው አስረድቻለሁ። ቀለም ቀቢዎቹ ምሳቸውን ሲበሉ አጠገባቸው ቆሜ ስለ ናይትሬት ገለጻ አድርጌያለሁ፤ አንደኛው «ቲቸር፣ ፈተና አለው እንዴ?» ብሎ አሹፎብኛል።

ሥራው እንደ መጽሐፉ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ናይትራይት ታየ። በሦስተኛው አሞኒያው ወረደ። በአራተኛው ናይትራይቱ ሐምራዊ ሆኖ ቆሞ ልቤን አወለቀው፤ በአምስተኛው ሳምንት በድንገት ወረደ። ምረቃው ቅዳሜ ሊሆን ሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ፈተና ሰጠሁት፤ አሞኒያ ሁለት። ማክሰኞ ስፈትሽ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ደማቅ ቀይ። አልቋል።

የቀረው የተጠራቀመውን ናይትሬት ማስወጣት ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ሦስት አራተኛውን ውሃ አውጥቼ ከበርሜሉ ሞላሁ። ባክቴሪያዎቹ እስከ ዓርብ እንዳይራቡም እንደገና አሞኒያ ሁለት ድረስ ጨመርኩ። ዓሣዎቹ ዓርብ እንዲመጡ ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው።

ረቡዕ ስፈትሽ አሞኒያው ሁለት ነው። ምንም አልወረደም። ሐሙስ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጥቼ ፈተሽኩ፤ አሁንም ሁለት። ናይትራይት ዜሮ። ሥራ ያቆመ ገንዳ ነው።

በቅደም ተከተል አጣራሁ። መብራት ጠፍቶ እንደሆነ ዘበኛውን ጠየቅሁት፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አልጠፋም አለኝ። ማሞቂያው ሃያ ስድስት ዲግሪ ያሳያል። የውሃው አሲድነት አልተለወጠም። ጠብታው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ረቡዕ ማታ በሱቁ ገንዳ ውሃ ሞክሬው ነበር፤ ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ «አንድ ሰው እዚህ ውሃ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምሮበታል» አልኩ።

የክሊኒኩ አስተዳዳሪ አቶ ደረጀ በዚያው እያለፈ ነበር። የምረቃው ነገር ሁሉ፣ ከወንበሩ እስከ ጥሪ ወረቀቱ፣ የወደቀው በእሱ ትከሻ ላይ ስለነበር ያን ሳምንት እንቅልፍ ያለው አይመስልም። ቆም ብሎ አዳመጠኝና እዚህ ቤት በረኪና ይዞ የሚዞረው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ተናገረ። እኔ ማንንም ማለቴ እንዳልሆነ ለመናገር አፌን ስከፍት ሄዷል። ተከትዬው አልሄድኩም። ወደ ቱቦዬ ተመለስኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስወጣ ዘበኛው ጠራኝ። አቶ ደረጀ የእትዬ ዘነቡን መታወቂያ ተቀብሎ፣ ነገሩ ተጣርቶ ሰኞ ውሳኔ እስኪነገራቸው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ አዝዟቸዋል። አልሄዱም። ከበሩ ፊት ለፊት የግንብ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«እኔ ገንዳሽን ነክቼ አላውቅም» አሉኝ። «መስታወቱን እንኳ የምወለውለው በደረቅ ጨርቅ ነው። እንዳይነካ ብለሻል፣ አልነካሁም።»

አመንኳቸው። ግን ሌላ የምጠይቀው ስላልነበረኝ በርሜሉን ጠየቅኋቸው።

«በርሜሉንማ መድኃኒት አድርጌበታለሁ።»

«የምን መድኃኒት?»

«የውሃ ነዋ። ይኼ የሆድ በሽታ ገብቷል ተብሎ የጤና ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ለእያንዳንዳችን ጠርሙስ ሰጠችን። ለአንድ ጀሪካን አንድ ክዳን ነው ያለችው። በርሜሉ አሥር ጀሪካን ይወጣዋል፣ አሥር ክዳን አደረግኩበት። ከቤቴ ነው ያመጣሁት።»

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ጠዋት። ቀለም ቀቢዎቹ በጣሳ እየጠለቁ ሲጠጡበት አየኋቸዋ። ቅዳሜ ደግሞ ልጆች ይመጣሉ። ሰው ይጠጣዋል ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።»

ያ መድኃኒት ክሎሪን ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ከበርሜሉ ስቀዳ ሽታው አልተለየኝም፤ ቤቱ ሁሉ ለምረቃው በበረኪና እየታጠበ ስለነበር የሚሸተው በረኪና ነበር።

«የዓሣ መሆኑን አላወቁም ነበር?» አልኳቸው።

«ማን ነገረኝና?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ማንኛውም ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። «ይሙሉልኝ አልሽኝ፣ ሞላሁ።»

ለቀለም ቀቢዎች ሳይቀር ገለጻ ያደረግኩ ሰው፣ ውሃውን በገዛ እጃቸው ለሚቀዱት ለእኚህ ሴት አንድ ዓረፍተ ነገር አላወጣሁም። ሳስበው ምክንያቱን አገኘሁት፤ አገኘሁትና አፈርኩ። የሚገባቸው አልመሰለኝም ነበር።

ወደ ካዛንቺስ ተመልሼ ለጋሽ ይመር ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ገንዳው ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ግን ስለ ሌላ ነበር።

«ሴትዮዋስ የት ናት?»

ነገርኳቸው። እጃቸውን አደራርቀው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስንታየሁ ሊያግዘን ብሎ አንድ ሐሳብ አመጣ። «ዓሣዎቹን ዓርብ እናስገባ፣ ቅዳሜ ምረቃው ይለፍ፣ ከዚያ እኔ በየጠዋቱ በር ሳይከፈት እየሄድኩ የሞተውን በአዲስ እተካለሁ፣ ማን ያውቃል?» አለ።

«ዓሣው ያውቃል» አሉ ጋሽ ይመር።

ጋሽ ይመር ቀጥለው ነገ አብረውኝ እንደሚሄዱ፣ ደብተሬንም እንድይዝ ነገሩኝ። የሆቴሉ ዓሣዎች ሞት በእኛ ስም ከተወራ ወዲህ ያገኘነው ትልቁ ሥራ ይህ ነበር። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ዓርብ ከሰዓት፣ ያው ግንብ ላይ ተመልሰው በተቀመጡት በእትዬ ዘነቡ ፊት አልፈን፣ ዶክተር ሰናይት ቢሮ ገባን። አቶ ደረጀም ነበር። ደብተሩን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ነው ያነበበችው፤ ጣቷን በዓምዶቹ ላይ ወደ ታች እያስኬደች።

«እስከ ማክሰኞ ጤነኛ ነው» አለች።

«አዎ። ማክሰኞ ከበርሜሉ ስሞላ ክሎሪን ገባበት።»

«ክሎሪኑን ማን ጨመረው?»

«እትዬ ዘነቡ ናቸው። ሠራተኞቹ ከበርሜሉ ሲጠጡ አይተው፣ በበሽታው ምክንያት፣ ከቤታቸው አምጥተው። ልክ በተነገራቸው መጠን ነው ያደረጉት። የመጠጥ ውሃ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበሩ። በርሜሉ የዓሣ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ምንም አልጻፍኩበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አቶ ደረጀ ምረቃው ነገ መሆኑን፣ እንግዶች መጠራታቸውን፣ መሐል ክፍሉ ላይ ባዶ ገንዳ ተገትሮ እንደማያምር ተናገረ። ያለው ሁሉ እውነት ነበር። ጋሽ ይመር በእርጋታ መለሱለት። ዓሣ ነገ ማስገባት እንደሚችሉ፣ ግን እንደማያስገቡ፣ ገንዳውን ከፈለጉ ዛሬውኑ ሊያነሱት እንደሚችሉ ነገሩት።

ዶክተሯ ደብተሩን ዘጋችው። «ይቆይ» አለች። ከዚያ ወደ አቶ ደረጀ ዞረች። «ስንት ሰው ነው ከዚያ በርሜል የጠጣው?»

አቶ ደረጀ አላወቀም። እኔም አላውቅም ነበር። በዚያ ሰሞን ኮሪደራችን ላይ ክሎሪኑ የበነነ፣ ክዳን የሌለው ውሃ ለሁለት ቀን እያሳደርን ሰው ሲጠጣበት ያስተዋሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ከጥያቄዋ ይህ ለሁላችንም ገባን።

አቶ ደረጀ የእትዬ ዘነቡን መታወቂያ ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እዚህ ምን ያደርጋል?» አለችው ዶክተሯ። አነሣውና ወጣ። በመስኮቱ ሲያልፍ አየሁት፤ መንገዱን ተሻግሮ ራሱ ሰጣቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። እትዬ ዘነቡ መታወቂያውን አንገታቸው ላይ ሳይሆን በቀጥታ ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ቀጥሎ ወለሉን ማጠብ ይቀራቸው ነበር።

ክሊኒኩ ቅዳሜ በባዶ ገንዳ ተመረቀ። መብራቱ በርቷል፣ ተክሎቹ ይወዛወዛሉ፣ አረፋው ይወጣል። ትልልቆቹ እንግዶች ትሕትና ይዟቸው ምንም አላሉም። አንዲት ትንሽ ልጅ ግን አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ስትፈልግ ቆየችና ዓሣዎቹ የት እንደሄዱ ጠየቀች። እኔ ስለ ባክቴሪያ ልጀምርላት ስል እትዬ ዘነቡ ቀደሙኝ።

«ቤታቸው እየተሠራላቸው ነው፣ የኔ ቆንጆ። አልቆ ሲያድር ይገባሉ።»

ልጅቷ ረካች። ከእኔ ገለጻ ይልቅ አጭር ነው፤ ስህተትም የለበትም።

ሰኞ እንደገና ጀመርን። ክሎሪን ያለበትን ውሃ አውጥተን፣ ሁለት ቀን ባደረ ውሃ ሞላን። የሱቁ ዓሣዎች ድነው ከርመው ስለነበር ጋሽ ይመር ከቆየው ገንዳ ማጣሪያ ላይ ስፖንጅ ቆርጠው በእርጥብ ከረጢት ይዘው መጡ። ግማሹን ማጣሪያው ውስጥ ከተቱት፤ ግማሹን ውሃው ላይ ጨመቁት። ውሃው ቡናማ ሆነ። እትዬ ዘነቡ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ያን ሁሉ ወልውዬ!»

«እርሾ ነው» አሏቸው ጋሽ ይመር። እትዬ ዘነቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አምስት ሳምንት ለሰው ሁሉ ሳስረዳ የከረምኩት ነገር ለእሳቸው በዚያች ቅጽበት ገባቸው።

በዚያ ሳምንት በርሜሉ ላይ ክዳን አስገጠምኩ፤ አየር እንዲያወጣ በወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ ያለው። «የዓሣ ነው፣ አይጠጣም፣ ምንም አይጨመርበት» ብዬም በትልቁ ጻፍኩ። እትዬ ዘነቡ ፊደል እንደማይለዩ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከጽሑፉ በላይ ስንታየሁ ዓሣ ሣለበት። አጠገቡ ለሠራተኞቹ መጠጫ ሌላ በርሜል ተቀመጠ፤ የዚያ መድኃኒት ኃላፊነት የእሳቸው ሆነ።

በየቀኑ ስፈትሽ አጠገቤ መቆም ጀመሩ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ይኼ ቢጫ ሲሆን እንዲህ ነው፣ ሐምራዊ ሲሆን እንዲህ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቱቦውን መስኮቱ ጋ ይዤ ዜሮ ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«ቲቸር፣ ይኼ ቢጫ አይደለም።»

«ቢጫ ነው እኮ።»

«ቅጠልያ አለው። ትንሽ። ከሥሩ እይው።»

ከላይ ወደ ታች፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣ ጋሽ ይመር እንዳስተማሩኝ አድርጌ አየሁት። ቅጠልያ ነበረው። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ዶክተሯ በጠዋቱ ዓሣዎቹ መቼ እንደሚመጡ ጠይቃኝ ስለነበር ዜሮ ማየት ፈልጌ ነበር። ደብተሩ ላይ ዜሮ ነጥብ ሁለት አምስት ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ተጨማሪ ቀን ጠበቅን። በአሥራ አራተኛው ቀን ቱቦውን አስቀድሜ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«አሁን ይግቡ» አሉ።

ጉፒ የሚባሉ ስድስት ትናንሽ ዓሣዎች አስገባን። በሳምንቱ ስድስት ጨመርን። በመጀመሪያው ወር አንድም አልሞተም። እትዬ ዘነቡ በሙከራቸው ማብቂያ ቋሚ ሆኑ፤ ገንዳውም ከጽዳቱ ጋር በሥራ መዘርዝራቸው ላይ ተጻፈ። እኔ በየሳምንቱ መሄዴ ቀርቶ በወር አንድ ጊዜ ሆነ። ስደርስ ቱቦዎቹን አጥበው፣ ደርድረው፣ በቃላቸው የያዙትን የሳምንቱን ቀለም ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ።

በዚያ ሱቅ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ በኋላ የገጠምናቸው ገንዳዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ተሳክተዋል፣ አንዳንዶቹ አልተሳኩም። አዲስ ሠራተኛ ሳሠለጥን የመመርመሪያውን ሳጥን ወዲያው አልሰጠውም። መጀመሪያ የሚገጠምበት ቤት ሄዶ ውሃውን የሚቀዳው ማን እንደሆነ ስሙን ጠይቆ፣ ውሃው ለምን እንደሚፈለግ ነግሮት እንዲመጣ እልከዋለሁ። ሳጥኑን የሚቀበለው ከዚያ በኋላ ነው።